ሁለት ጣት በፍሪሲዮን ላይ

ሠሪ በሥራው ውስጥ ሁለት ጉድለት ቢያገኝ፣ አንዱ የሚያሳፍር ሌላው የሚጎዳ ቢሆን፣ የሚያሳፍረውን ለመሸፈን ሲል የሚጎዳውን ከመረጠ፣ ጉድለቱን ከብረት አውጥቶ በሰው አካል ውስጥ አኑሮታል ማለት ነው። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የክፉ ሰው ታሪክ ግን አይደለም፤ የክፉ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ለጥቂቶች ብቻ በሆነ ነበር።

ሰውየው የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። ጋራዡን ከአባቱ ሲወርስ አንድ ሕግና አንድ መደርደሪያ አብሮ ወርሷል። ሕጉ አጭር ነው፦ ሞተርን ፈትቶ የዘጋና የገጠመ ሰው፣ ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት በፊት ራሱ ይነዳዋል። አባትየው ይህን በግድግዳ ላይ አልለጠፈውም፤ በቃልም እምብዛም አላስተማረውም። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ እጁን በጨርቅ ከጠረገ በኋላ ሄልሜቱን ከምስማሩ አውርዶ ይወጣል፤ ባለ ንብረቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ ሲጥልም ይወጣል። የቸኮለ ደንበኛ ቢቆጣ፣ «ከወደቅሁ እኔ ልውደቅ፤ አንተ ለመክፈል ነው የመጣኸው» ብሎ ያስቀዋል።

መደርደሪያው በጋራዡ የኋላ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ ነው። ባለቤቶቻቸው ተስፋ ቆርጠው የተዉአቸው እንግዳ ሞተሮች ተደርድረውበታል። ከእነርሱ አንዱ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም፤ በሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞርበታል። ሲሠራ ልስልስ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፤ ነገር ግን ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል፣ የነጂውንም ቅልጥም ይጠብሳል። ሌላው በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ፒስተኖች አሉት፤ ጉልበቱ ያስደንቃል፣ ጎኑ ግን እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ የነዳው ሰው እግሩን የት እንደሚያኖር ግራ ይገባው ነበር። በናፍጣ የሚሠራም አለ። እርሱ በጥቂት ነዳጅ ሩቅ አገር ያደርሳል፤ የደረሰው ሰው ግን ከመውረዱ በፊት ጥርሶቹ በቦታቸው መኖራቸውን በምላሱ ይቆጥራል።

አባትየው እነዚህን ሞተሮች አይንቃቸውም ነበር። እሑድ እሑድ እያወረደ ያጸዳቸዋል፣ የእያንዳንዱን ብልሃት እያሳየ ልጆቹን ያስደንቃል። በመጨረሻም ዘወትር ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። የመኪና ነጂ ሞተሩን ከብረት ግድግዳ ማዶ አስቀምጦ ይሄዳል፤ የሞተር ሳይክል ነጂ ግን በጉልበቶቹ መካከል አቅፎት ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ያቀፈውን ሰው ያስብ ይላቸው ነበር።

አባትየው ሲሞት ታናሹ ልጅ ገና ተማሪ ነበር። ታላቁ ትምህርቱን ትቶ ጋራዡን ያዘ፣ ወንድሙንም እንደ አባት ሆኖ አሳደገ። የመጀመሪያውን ብስክሌት ሠራለት፤ ትኩሳት ሲይዘው አዘለው፤ መንዳትን ያስተማረውም ከኋላው ተቀምጦ ወገቡን ይዞ ነው። ታናሹም አድጎ በአንድ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ውስጥ በሞተር ሳይክል ጥቅል የሚያደርስ ሠራተኛ ሆነ። ጓደኞቹ ንፋሱ ይሉት ነበር። እርሱ ግን ለወንድሙ ሁልጊዜ ታናሽ ነው፤ «ጋሼ» ብሎ እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

መካኒኩ የተለየ ሞተር ወደ መሥራት ያመራው ቫልቮላን ከመጥላት የተነሣ ነው። በተለመደ ሞተር ራስ ላይ፣ መካኒኮች ቴስታታ በሚሉት ክፍል ውስጥ፣ አየርና ቤንዚን የሚያስገቡ፣ የተቃጠለውንም የሚያስወጡ ቫልቮላዎች አሉ። እንደ በር ይከፈታሉ፣ በሞላ፣ በተጠማዘዘ የሽቦ ምንጭ፣ ተገፍተው ይዘጋሉ፤ ያለ ማቋረጥ ይንኳኳሉ፤ ይቃጠላሉ፤ ይጎብጣሉ። ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተካክላቸው ከኖረ በኋላ፣ በእነርሱ ፋንታ ውስጡ ክፍት የሆነና በጎኑ መስኮት የተቀደደለት፣ ከበሮ የሚመስል ድብልብል ብረት በቴስታታው ውስጥ አኖረ። ከበሮው ሲዞር መስኮቱ አንዴ ከአየር መግቢያው፣ አንዴ ከጭስ መውጫው ጋር ይገጥማል። የሚመታ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚጮህ ነገር የለም።

ይህን ሐሳብ ከእርሱ በፊት ሌሎች እንዳሰቡት ያውቅ ነበር፤ ለምን እንደ ተዉትም ያውቅ ነበር። ከበሮው ከተቀመጠበት ቤት ግድግዳ ከራቀ ዘይት እያሾለከ ይጨሳል። ከቀረበ ደግሞ ሲግል ይሰፋና ግድግዳውን ይነክሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛ ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው። መካኒኩ ያንን ክፍተት አገኛለሁ ብሎ ተነሣ፤ አገኘው ለማለትም ጥቂት ቀረው።

ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ ዕለት የጎረቤቱ አናጺ መጋዙን ይዞ መጣና ቆሞ አየ። ከዚያ፣ ከበሮ ሠርቶ ድምፅ የነፈገ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አለ። መካኒኩ የሚኖረው ከጋራዡ በስተኋላ ባለው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። እርሷም የስፌት መኪናዬ ከዚህ ሞተር ይልቅ ይጮኻል ብላ ሳቀች። የታናሹ የሥራ ጓደኞች ደግሞ ደንበኞች ጥቅል መምጣቱን የሚያውቁት በጩኸታችን ነው፤ አንተ በዚህ ከመጣህ በር ላይ ቆመህ ታረጃለህ እያሉ ቀለዱበት። ታናሹ ግን ወንድሙ የሠራውን ነገር በደረሰበት ሁሉ ያወራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ሞተሩን በሞተር ሳይክል ላይ ገጥሞ ብቻውን እየነዳው ወጣ። በሰፊው መንገድ ላይ እንደ ወፍ ሄደለት። ሲመለስ ግን በገበያው ጎዳና፣ አሸዋ ከጫነ መኪና ኋላ፣ በሰው እርምጃ መሄድ ግድ ሆነበት። በዝግታ ሲሄድ ነፋስ የለም፤ ነፋስ ከሌለ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ የለም። መንገዱ ተከፍቶለት ሊፈጥን ሲል ከበሮው ነከሰ።

ሞተር በድንገት ሲይዝ፣ ማለትም መዞሩን ሲያቆም፣ የኋላውን ጎማ አብሮ ያስረዋል፤ ጎማው የታሰረበት ሞተር ሳይክልም ነጂውን ይጥላል። መዳኛው አንድ ነው። የፍሪሲዮኑን መያዣ በቅጽበት የጨበጠ ሰው ጎማውን ከሞተሩ ይለየዋል፤ ሞተሩ ቢሞትም ጎማው ይሽከረከራል። ስለዚህ ባልተማመነበት ሞተር ላይ የተቀመጠ መካኒክ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ከመያዣው ላይ አያነሣም። ይህን ልማድ ለሁለቱም ወንድማማቾች ያስተማራቸው አባታቸው ነው። በዚያች ቅጽበት የመካኒኩ ሁለት ጣቶች በቦታቸው ነበሩ። ጨበጠ፤ ጎማው ተለቀቀ፤ እየተንሸራተተ ወደ መንገዱ ዳር ደረሰ።

ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከበሮው ራሱን ለቀቀ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በእጅ ሲያዞሩት ዞረ። መካኒኩ ግን መልሶ አላስነሣውም። እስከ ቤቱ ገፋው። ባለቤቱ በመስኮት አይታው ወጣችና ምን ሆነህ ነው አለችው። ቤንዚን አለቀብኝ አላት።

«ቤንዚን ያለቀበት ሰው ይናደዳል፤ አንተ ፈርተሃል» አለችው፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

በማግሥቱ ሌላ ከበሮ አስቀረጸ፤ ክፍተቱን አሰፋው። አሁን ሞተሩ በገበያው ጎዳናም ሆነ በማንኛውም ዝግታ አይይዝም። ነገር ግን ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር፤ ብዙ አይደለም፤ ግን ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ ያየዋል።

በዚሁ ሰሞን የታናሹ ወሬ ፍሬ አፈራ። የድርጅቱ መሐንዲስ፣ የሞተር ሳይክሎቹን ሁሉ ጤና የምትከታተል ሴት፣ ሞተሩን ለማየት ጋራዡ ድረስ መጣች። ትሕትና ያላት ባለሙያ ነበረች። መደርደሪያውን አንድ በአንድ ተመለከተች፤ አንዳንዶቹን በመጽሐፍ ብቻ አውቃቸዋለሁ ብላ በጣቷ ነካካቻቸው። ሞተሩ ሲነሣ መዳፏን በቤንዚን ጋኑ ላይ አኖረችና ዝም ብላ አዳመጠች። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። መካኒኩ ከአባቱ ሞት በኋላ እንዲህ ያለ ምስጋና ከዐዋቂ አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበርና ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ማርሚታውን አየች። እየጨሰ ወደ ከተማ መንገድ ልታወጣው እንደማትችል፣ ጭሱ ከቀረ ግን ጥቅል ጭነውበት በከተማ ውስጥ እንደሚፈትኑት፣ ፈተናውንም ካለፈ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ሁሉ ሊያስበው እንደሚችል ገለጸችለት። ሲለያዩ እጁን ጨብጣ ጠየቀችው።

«ከጭሱ ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር አለ?»

«ጭሱ ብቻ ነው» አላት።

ለባለቤቱ ከተናገረው ቀጥሎ ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ያደረሰውም እርሱ ነው። ያን ሰሞን በመካኒኩ ልብ ውስጥ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሰው ሁሉ ልብ እንዲሁ ይሠራልና። ጭስ ከኋላ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚ ያየዋል፣ አናጺው ይስቅበታል። መንከስ ግን በዝግታ፣ በሙቀት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ከውጭ የሚታይ ምልክት አይተውም። መካኒኩ የሚታየውን ጉድለት አወጣ፣ የማይታየውን አስገባ፤ ከበሮውን እንደገና አቀራርቦ ገጠመው። ለራሱም ምክንያት አላጣም። ያን ዕለት ፀሐዩ ከባድ ነበር አለ። የዘይት ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ አለ። ብረቱም ከቀድሞው የተሻለ ነው አለ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ከበሮው አይነክስም የሚል አልነበረም።

ሕጉን ደግሞ አልዘነጋም። ሞተሩን ከዘጋ በኋላ ሄልሜቱን ከምስማሩ አውርዶ ወጣ። ማለዳ ነበር፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሰፊው መንገድ ባዶ። ሞተሩ ሳይጨስ፣ ሳይጮህ ሄደ። ወደ ገበያው ጎዳና የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የመታጠፊያውን መብራት አበራ። ጥቂት እንደ ተጠጋ አጠፋውና ቀጥ ብሎ አለፈ። የአባቱ ሕግ ንዳው ይላል እንጂ የት ንዳው አይልም ብሎ ራሱን አጽናና። አባቱ የት እንደሚነዳ ያልተናገረው ግን፣ የሚፈራውን መንገድ ትቶ የሚሄድ መካኒክ ከእርሱ ቤት ይወጣል ብሎ ስላልገመተ ነው።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን፣ እራት ላይ፣ ባለቤቱ ሳህኑን አስቀምጣ ሞተሩን ገፍተህ ስላመጣህበት ቀን ለወንድምህ ነግረኸዋል ወይ አለችው።

«ያ ሌላው ከበሮ ነበር» አላት።

«ያኔ ቤንዚን አለቀ አላልከኝም?»

እጁ ከማዕዱ ላይ ቆመ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ አለ። እርሷም ነገሩን በዚያው ተወችው፤ የተናገረውን የሚፈጽም ሰው መሆኑን ታውቅ ነበርና።

በማግሥቱ ጠዋት በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ጥቅሎቹ ተጭነው ሞተር ሳይክሉ ተዘጋጀ። የታናሹ ጓደኞች ሥራቸውን ትተው ዙሪያውን ቆሙ። አንዱ ያለ ድምፅ ስለምትሄድ ሚስትህ መምጣትህን ሳትሰማ እንዳትይዛት አለው፤ ታናሹም አላገባሁም እኮ፣ እንዲያ ከሆነማ ያንተን ሄጄ ልይልህ ብሎ ግቢውን አሳቀው። መሐንዲሷ የጭሱን መጥፋት ጎንበስ ብላ አየችና ለመካኒኩ በደስታ ራሷን ነቀነቀችለት። መካኒኩ ወንድሙን ለብቻው ወደ ዳር ሊያወጣው ሁለት ጊዜ አሰበ። ሁለቱንም ጊዜ መሐንዲሷ አጠገባቸው ነበረች።

ታናሹ ጓንቱን እያጠለቀ የጠየቀው ራሱ ነው። ጥያቄው የጥርጣሬ አልነበረም፤ የአባታቸው ልማድ ነው፤ አዲስ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል።

«ጋሼ፣ ይዞብህ ያውቃል?»

መሐንዲሷ ቀና ብላ ተመለከተች።

«አያውቅም» አለ መካኒኩ።

«ሁለት ጣት ፍሪሲዮን ላይ ላኑር እንዴ?»

«ምን ያደክምሃል? መሪውን በደንብ ያዝ።»

«ካልክ አልክ» አለ ታናሹ፤ የግራ እጁን ጣቶች ሁሉ በመሪው ላይ ጠቅልሎ ወጣ።

መሐንዲሷና መካኒኩ በድርጅቱ መኪና ከኋላ ተከተሉት። በሰፊው መንገድ ሁሉ ነገር የተዋጣ ነበር። መሐንዲሷ እየነዳች፣ የነጂው ትከሻ እንዴት ዘና እንዳለ፣ ንዝረት ያለበት ሞተር ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንደማይቀመጥ አስረዳችው። ከበሮው ከምን ብረት እንደ ተሠራም ጠየቀችው፤ አጭር መልስ ሰጣት። ከዚያ የመጀመሪያው ጥቅል የሚደርስበት የገበያ ጎዳና መጣ። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል፤ የእጅ ጋሪ በመሀል ይገባል፤ ታናሹ እግሩን ወደ መሬት እየሰደደ በሰው እርምጃ ይሄዳል። መካኒኩን ላብ አጠመቀው። መሐንዲሷ መስኮት ልክፈትልዎ አለችው። እጁ ወደ መኪናው ጥሩምባ ተዘረጋ፤ አንድ ጊዜ ብትነፋ ታናሹ ዞር ብሎ ያያል፣ ይቆማል። ምን ብዬ አቆመዋለሁ ብሎ አሰበ። እጁን መልሶ በጉልበቱ ላይ አኖረ።

ጎዳናው አለቀ፤ ቁልቁለቱ ተከፈተ፤ ታናሹ ነዳጅ ሰጠ። ከበሮው ነከሰ።

ጎማው ሲታሰር የተሰማው ጩኸት ያ ሞተር ያሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ነበር። በመንገዱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ፤ ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ተንሸራተተ፤ ታናሹ በሞተር ሳይክሉና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ድንጋይ መካከል ቀኝ ጉልበቱን አጣ።

ሐኪሞቹ እግሩን አዳኑት፤ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ እንደማይታጠፍ ተናገሩ። በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሞተር ሳይክል ላይ ግን አይቀመጥም።

ሞተሩ ወደ ግቢው ሲመለስ ቀዝቅዞ ነበር። የነጂዎቹ አለቃ በእጁ አዞረው፤ ያለ ችግር ዞረ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ልጁ ቁልቁለቱን ፈርቶ የኋላውን ፍሬን በኃይል ረግጦ ነው የወደቀው ብሎ ደመደመ። መሐንዲሷ ልቧ አልተቀበለውም፤ ሞተሩ ተፈትቶ ይታይ ብላ አሳሰበች። ነገር ግን ያን ቀን መካኒኩ አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ በታናሹ ላይ ሊቀር ይችል ነበር። መካኒኩም ይህን ያውቅ ነበር፤ ወደ ሆስፒታሉ የሄደው እያወቀው ነው።

ባለቤቱ ቀድማ ደርሳ ነበር፤ በአልጋው ግርጌ ቆማ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች። ታናሹ ወንድሙን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ» አለ። ሳያውቀው ፍሬን ረግጦ እንደሚሆን፣ አለቃው የነገሩት እውነት ሳይሆን እንዳልቀረ፣ እርሱ ራሱ ግን ከጎማው ጩኸት በቀር ምንም እንደማያስታውስ ተናገረ። መሐንዲሷ ሞተሩን እንዳትጥለው፣ ሌላ የተሻለ ነጂ እንድትፈልግለት ንገራት ብሎም ለመነው። ወንድሙ የደከመበት ነገር በእርሱ ስንፍና መቅረቱ ከጉልበቱ ይልቅ ያሳመመው ይመስል ነበር።

የመካኒኩ ባለቤት ቀና ብላ ባሏን አየችው። አላዘዘችውም፤ አልገሠጸችውም። የውኃውን ብርጭቆ አንሥታ ላጥበው ብላ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

መካኒኩ በአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ።

«ፍሬን አልረገጥክም። ሞተሩ ነው የያዘው። እኔንም ይዞብኝ ያውቃል።»

ታናሹ ወዲያው አልገባውም። ወንድሙ ሊያጽናናው የሚዋሽ መስሎት ፈገግ ሊል ጀመረ። ፊቱን ሲያየው ግን ፈገግታው ተሰበሰበ።

«ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ታናሹ የግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣና፣ ጣቶቹን አንድ ጊዜ ዘረጋቸው፣ አንድ ጊዜ ጨበጣቸው።

«ሁለት ጣት እኮ ነበር ጋሼ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መካኒኩ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ድርጅቱ ሄደ። መሐንዲሷንና የነጂዎቹን አለቃ አስጠርቶ ሞተሩን በፊታቸው ፈታ። ቴስታታውን ሲያነሣ ከበሮው ታየ፤ በጎኑ ላይ በጥፍር የተቧጨረ የሚመስል የሚያንጸባርቅ ቁስል ነበረበት፤ በግድግዳውም ላይ የእርሱ አምሳያ። አለቃው ራሱን ያዘ፤ ስለ ልጁ የተናገረውንም በነጂዎቹ ሁሉ ፊት ወዲያው መልሶ ወሰደ። መካኒኩ በገበያው ጎዳና የደረሰበትን፣ ከበሮውን እንዴት አስፍቶ እንዴት እንዳጠበበው፣ መታጠፊያው ላይ ምን እንዳደረገ፣ ምንም ሳያስቀር ተናገረ።

መሐንዲሷ ብዙ ጊዜ ከበሮውን በእጇ ይዛ አገላበጠችው።

«ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር አለ ብዬ ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀውኛል።»

ሐሳቡን እንደማትንቀው ነገረችው። በሌላ ብረት፣ በሌላ ማቀዝቀዣ፣ ምናልባትም በማይንቀሳቀስ ሥራ ላይ፣ ውኃ በሚስብ ሞተር ወይም በመሳሰለው ሊውል ይችል ይሆናል አለች። በሰው ጉልበቶች መካከል ግን አይሆንም፤ ብረት የሠሪውን ምኞት አይሰማም። «ጭሱን እንደያዘ አምጥተውልኝ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ሞተሩን እንተወው ነበር፤ ወንድምዎ ግን እየነዳ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።» መካኒኩ የአባቱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ያህል ሆነበት። ይህን የተናገረችው ለመውቀስ አልነበረም፤ ድምፅዋ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

መካኒኩ ከግቢው ወጥቶ በራሱ እግር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ታናሹ በምርኩዝ ገብቶ ስለ ወንድሙ ተናገረ። እንዳሳደገው፣ በእርሱ ምክንያት ትምህርቱን እንዳቋረጠ፣ ይቅር እንዳለው ለዳኛዋ አስረዳ። ዳኛዋ ይቅር ማለቱ የእርሱ መብት መሆኑን፣ ፍርዱ ግን ስለ ሌሎች ነጂዎችም መሆኑን መለሱለት። እውነቱን ራሱ መናገሩ እንደሚያቀልለት፣ እያወቀ ተጠይቆ መካዱ ግን እንደሚያከብድበት ጨምረው ተናገሩ።

መካኒኩ በሰው አካል ላይ ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ተብሎ የእስራት ቅጣት ተፈረደበት፤ እስራቱ በገደብ ሆነለት። የገደቡ ግዴታ፣ ሌላ ሰው የሚነዳውን ማናቸውንም ሞተር እንዳይገጥምና እንዳይዘጋ ነው። የጋራዡ ፈቃድ ከስሙ ወጥቶ ወደ ታናሽ ወንድሙ ተዛወረ። ሞተሩ ከከበሮው ጋር በኋላው መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ አጠገብ ተቀመጠ። በጋራዡ ውስጥ አሁን አንድ ተቀጣሪ መካኒክ አለ፤ የሚዘጋውም፣ ሄልሜቱን ከምስማሩ አውርዶ የሚነዳውም እርሱ ነው። ታናሹ በረጅም ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ደንበኞችን ይቀበላል። ታላቁ ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይጠርጋል፤ የሞተሩ ክዳን የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ የመፍቻ ቁልፉን አስቀምጦ ከጠረጴዛው ይርቃል።